የወራት ድካም በአንድ ቀን ጉዞ እንዳይባክን

በሐረርጌ ደጋማ አካባቢዎች የሚኖረው ገበሬ፣ ሲያርስበት የቆየውን በሬ ከቤቱ አጠገብ አስሮ ከማሽላና ከበቆሎ ማሳው የሚያወጣውን አገዳና ቅጠል በእጁ እያጎረሰ ለወራት ያደልበዋል። የሐረር ሠንጋ ስሙ የገነነው በዚህ ድካም ነው። ይሁን እንጂ የሥጋውን ጥራት የሚወስነው ቀለቡ ብቻ አይደለም። በሬው ከበረት ወጥቶ እስኪታረድ ድረስ ባሉት ጥቂት ቀናት የሚደርስበት እንግልት የወራቱን ልፋት ከንቱ ሊያስቀረው ይችላል።

በከብት ጡንቻ ውስጥ ግላይኮጅን የሚባል የስኳር ስንቅ አለ። ከብቱ ከታረደ በኋላ ይህ ስንቅ ወደ ላክቲክ አሲድ ይለወጣል። በሕይወት ሳለ 7 አካባቢ የነበረው የጡንቻው ፒኤች በ24 ሰዓት ገደማ ውስጥ ወደ 5.5 ግድም ይወርዳል። ሥጋው ደማቅ ቀይ የሚሆነውና ሳይበላሽ የሚቆየው በዚሁ አሲድ ነው። በሬው ሲሮጥ፣ ሲደበደብ፣ ሲራብና ከማያውቃቸው በሬዎች ጋር ሲዋጋ ከሰነበተ ግን ስንቁን በቁሙ ይጨርሳል። በዚህ ጊዜ ፒኤቹ ከ6 በላይ ይቀራል፤ ሥጋው ይጠቁራል፣ ሲነኩት ይጣበቃል፣ ቶሎም ይበላሻል። በሽታ ባይኖረውም፣ ጥሬ ሥጋ አማርጦ የሚገዛ ደንበኛ «ያረጀ ከብት ነው» ብሎ ያልፈዋል።

ዱላም የራሱ ጉዳት አለው። በትር ያረፈበት ወይም ቀንድ የወጋው ቦታ ከቆዳው ሥር ደም ይቋጥራል። ይህ ክፍል በቄራ ተቆርጦ ይጣላል፤ ቆዳውም ዋጋ ያጣል።

ከሐረር እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ በመሆኑ፣ ጥንቃቄው በገበያው ቦታ መጀመር ይኖርበታል። በዚህ ረገድ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ብዙ ሊሠሩ ይችላሉ።

በመጀመሪያ፣ በሬ ጅራቱ እየተጠመዘዘ ወደ መኪና እንዳይጫን፣ አባላቱ በጉልበታቸው ከመኪናው ወለል እኩል የሚደርስ የአፈር መወጣጫ ሊሠሩ ይችላሉ። ሁለተኛ፣ እንዳያንሸራትት በመኪናው ወለል ላይ አሸዋ ወይም ጭድ ይነስነስ። ሦስተኛ፣ አብረው ያደጉ በሬዎች አብረው ይጫኑ፤ እንግዳ ከብት አይቀላቀልባቸው። አራተኛ፣ ጭነቱ ፀሐይ ሳይበረታ ይሁን፤ በየዕረፍቱም የወደቀ ከብት መኖሩ ይታይ።

ከጉዞ በኋላ በሬው እንዲያርፍና ውኃ እንደ ልቡ እንዲጠጣ ማድረግ ያስፈልጋል። ሆኖም ያለቀው ስንቅ በአንድ ሌሊት አይተካም፤ ቀናት ይፈልጋል። ስለዚህ በሬው ከደከመ በኋላ ከማሳረፍ ይልቅ መጀመሪያውኑ እንዳይደክም መጠንቀቅ ይበልጣል።

ከዕርዱ በኋላም ጥንቃቄው ይቀጥላል። ደሙ በደንብ መፍሰስ፣ ፈርሱ ሥጋውን አለመንካቱ፣ ሥጋውም ከመሬት ርቆ መሰቀሉ ያስፈልጋል። አሲዱ ገና ሳይሠራ ወዲያው ወደ ብርቱ ቅዝቃዜ የገባ ሥጋ ደግሞ ጡንቻው ተኮማትሮ ይጠነክራል።

ይህ ሁሉ ለቄራ ብቻ የሚነገር አይደለም። በዓል ሲደርስ ለቅርጫ የሚገዛውም በሬ እየተባረረና እየተደበደበ ወደ መንደር ከገባ፣ ጉዳቱ የሚታየው በየአባሉ መደብ ላይ ነው። በሬው በዋዜማው ሳይሆን ቀናት ቀደም ብሎ ተገዝቶ፣ እየተመገበና ውኃ እየጠጣ በጸጥታ ቢሰነብት ግን የሥጋውን ልዩነት አባላቱ ራሳቸው ይመሰክራሉ።