እርሳሱም መርፌውም በአንድ እጅ፦ የክሮስ ስቲች የንድፍ ውድድር

ክሮስ ስቲች ከጥልፍ ዓይነቶች ሁሉ ለጀማሪ ቀላሉ ነው። ክሩ ከታች ግራ ወደ ላይ ቀኝ ይሄዳል፤ ሌላው እግር ከታች ቀኝ ወደ ላይ ግራ ይሻገርበታል፤ አንዲት ትንሽ መስቀል ትወጣለች። ሥዕሉ በሙሉ የእነዚህ መስቀሎች ድምር ነው። አበባም ሆነ ቤት፣ ፊደልም ሆነ ወፍ ሌላ ስፌት አይጠይቅም። የሚጠበቅ አንድ ሕግ አለ፦ ከላይ የሚያልፈው እግር በጨርቁ ሁሉ ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ማዘንበል አለበት። አለበለዚያ ብርሃን ሲያርፍበት ክሩ አንዱ ጋ ያበራል፣ ሌላው ጋ ይደበዝዛል።

አገር ቤት የለመድነው የእጅ ጥልፍ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ይለያል። በትራስ ልብስ ወይም በጠረጴዛ ልብስ ላይ አበባው መጀመሪያ በእርሳስ ወይም በካርቦን ይነደፍና መርፌዋ የተሣለውን መስመር ትከተላለች። በክሮስ ስቲች ግን ጨርቁ ባዶ ነው። ንድፉ ያለው ባለካሬ ወረቀት ላይ ሲሆን ጠላፊዋ እየቆጠረች ወደ ጨርቁ ታሻግረዋለች። በዚህ በኩል ይበልጥ የሚቀርበው ለሸማኔው ሙያ ነው፤ የነጠላና የቀሚስ ጥበብ የሚያወጣው ሸማኔም ያን ሁሉ ጌጥ የሚያስገባው ድር እየቆጠረ ነው።

ቆጠራውን የሚያቀለው አይዳ የተባለው ጨርቅ ነው። ክሮቹ በጥቅል በጥቅል ተሸምነው በመካከላቸው የመርፌ ቀዳዳ ስለሚተዉ ጨርቁ በዓይን የሚታዩ ካሬዎች አሉት። ብዙ ሰው የሚይዘው ባለ 14 የሚባለውን ነው፤ በአንድ ኢንች፣ ማለትም በ2.54 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 14 ካሬ ማለት ነው። የጥልፍ ክሩ ስድስት ስስ ክሮች አብረው የተጠቀለሉበት ጥጥ ሲሆን ለባለ 14 ጨርቅ ሁለቱ ብቻ ተለይተው ይሰፉበታል። በ1746 እ.ኤ.አ. ዛሬ ፈረንሳይ ውስጥ ባለችው በሙሉዝ ከተማ የተመሠረተው የክር አምራች ዲኤምሲ 500 ገደማ ቀለሞች አሉት፤ እያንዳንዱም ቁጥር አለው። 310 የትም ቢገዛ ጥቁር ነው፤ 433 የትም ቢገዛ ቡናማ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ የተቀመጠችና ዋሽንግተን የተቀመጠች እህትማማቾች አንዱን ንድፍ በስልክ ተላልከው አንድ ዓይነት ጥልፍ ማውጣት ይችላሉ።

እዚህ ላይ ነው የንድፍ ውድድር የሚመጣው። ውድድሩ የሚፈልገው በሌላ ሰው ንድፍ ላይ ፈጥኖ ወይም አጥርቶ የሠራውን አይደለም። የራሱን ሥዕል በካሬ ላይ ያወጣውን ነው። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ለብዙ ጠላፊ ትልቅ ደፍ ነው፤ ምክንያቱን ለማየት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

በአውሮፓ ንድፍ የጠላፊዋ የራሷ ሀብት የነበረበት ዘመን ረጅም ነው። ሳምፕለር የሚባለው ጨርቅ የመጣው ከዚያ ነው። አንዲት ሴት በዘመድ ወይም በጎረቤት ቤት ያየችውን ጌጥ እንዳትረሳው በቁራጭ ጨርቅ ላይ ትሞክረዋለች፤ ጨርቁንም ጠቅልላ ታስቀምጠዋለች። ለንደን በሚገኘው ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት ሙዚየም ያለው የጄን ቦስቶክ ሳምፕለር 1598 የሚል ዓመት ተጠልፎበታል፤ ከብሪታንያ ሳምፕለሮች ዓመት ኖሮት ከእሱ የሚቀድም አይታወቅም። ላዩ ላይ እንስሳትና ዕፅዋት አሉ፤ ቀጥሎ ፊደላት፣ አሊስ ሊ የምትባል ልጅ በ1596 መወለዷን የሚናገር ጽሑፍ፣ ከሥር ደግሞ አንዱ ካንዱ የማይመሳሰል የጌጥ ናሙና ተደርድሯል። ይህ ጨርቅ የአንድ ሰው ምርጫ ነው፤ ምን ይግባ፣ ምን የት ይቀመጥ የሚለውን የወሰነችው መርፌ የያዘችው ናት።

በመጀመሪያዎቹ የኅትመት ዘመናት የንድፍ መጻሕፍት በጀርመን መውጣት ጀመሩ፤ የጠላፊን ልማድ በሰፊው የለወጠው ግን በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ከበርሊን የመጣው ነው። የበርሊን አታሚዎች ሥዕሉን በካሬ ወረቀት ላይ አትመው እያንዳንዷን ካሬ በእጅ ቀለም እየቀቡ ሸጡት። ወረቀቱ እንግሊዝንና አሜሪካን አጥለቀለቀ። መልኩን፣ ቀለሙን፣ ስፋቱን ሁሉ ሌላ ሰው ወስኖ ጨርሶታል፤ ለጠላፊዋ የቀረላት መከተል ብቻ ነው። ዛሬ ጨርቁም ክሩም መርፌውም ንድፉም በአንድ ከረጢት የሚሸጥበት ኪት የዚያ ልማድ ልጅ ነው። ኪትን አላጣጥልም፤ ብዙ ሰው ጥልፍን የወደደው በእሱ ነው። ነገር ግን ዕድሜውን ሙሉ ሲጠልፍ ኖሮ አንዲት ቅጠል በራሱ ነድፎ የማያውቅ ሰው ሞልቷል። የንድፍ ውድድር እርሳሱን መልሶ ለዚህ ሰው የሚሰጥ ዝግጅት ነው። ፍልስጤማውያን ሴቶች እርሳሱን ጨርሶ አልለቀቁትም፤ በ2021 በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስነት የተመዘገበው ታትሪዝ የተባለው ጥልፋቸው ዋናው ስፌቱ ይኸው መስቀል ነው። ንድፉ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖሮ የቀሚሱ ጌጥና ቀለም ባለቤቷ ከየት አካባቢ እንደሆነች ይናገር ነበር።

ውድድሩን ለማዘጋጀት ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሰው ይበቃል። አዘጋጁ ከሁሉ በፊት ሊጨነቅበት የሚገባው ሽልማቱ ሳይሆን ገደቡ ነው። «የፈለጋችሁትን ሥሩ» ማለት ደግነት ይመስላል፤ ጀማሪውን ግን ባዶ ወረቀት ፊት ያስቀምጠዋል፤ ልምድ ያለው ደግሞ ግድግዳ የሚያክል ሥራ ይዞ ይመጣል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሰቀሉ ጀማሪው ገና ሳይዳኝ ተሸንፏል። ስፋቱ 40 ካሬ በ40 ካሬ፣ ቀለሙ አምስት ቢባል ግን ሁለቱም አንድ ሜዳ ላይ ይቆማሉ። በባለ 14 ጨርቅ ይህ ከ7 ሴንቲ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ሥዕል ነው። ጨርቁ በየጎኑ ለፍሬም የሚሆን ትርፍ ስለሚፈልግ 22 ሴንቲ ሜትር በ22 ተደርጎ ይቆረጣል። ክሩን አዘጋጁ በአንድ ጊዜ ገዝቶ ለሁሉም እኩል ቢያድል ይሻላል፤ ለዚህ ስፋት ከየቀለሙ አንዳንድ ጥቅል ይበቃል። ያን ጊዜ ውድ ክር የመግዛት አቅም ያለው ከሌለው አይበልጥም።

ርዕሱም ጠባብ ይሁን። «ተፈጥሮ» ተብሎ ሲሰጥ ሁሉም አበባ ይዞ ይመጣል። «ከቡና ሥነ ሥርዓት አንድ ዕቃ» ሲባል ግን አንዱ ረከቦት፣ ሌላው ሙቀጫ፣ ሦስተኛው ጭስ ይነድፋል። ገደብ ሐሳብን ያፍናል ለሚለኝ ሰው የእንግሊዛዊውን ሻለቃ የአሌክሲስ ካስዳግሊን ሥራ አስታውሰዋለሁ። በ1941 ቀርጤስ ላይ በጀርመኖች ተማርኮ በእስር ቤት ከተተረተረ ሹራብ ባገኘው ክር ሳምፕለር ጠለፈ። በዙሪያው የሚሄደው ጠርዝ ተራ ነጥብና ሰረዝ ይመስላል፤ በሞርስ ኮድ ሲነበብ ግን ለንጉሡ ምርቃት፣ ለሂትለር ስድብ ነው። ጠባቂዎቹ ምሥጢሩ ሳይገባቸው ጨርቁን ለእይታ ሰቀሉት።

አሁን ጀበና እንንደፍ። ግራፍ ወረቀት፣ እርሳስና ላጲስ ይበቃል፤ የኮምፒውተር ፕሮግራም ግዴታ አይደለም። መጀመሪያ የሚወሰነው ጎዶሎ ቁጥር ነው። አንገቱ 3 ካሬ ስፋት ካለው መሐሉ አንዲት ካሬ ናት፤ ስለዚህ ሆዱም 21 ወይም 23 እንጂ 20 መሆን አይችልም። 20 ከሆነ አንገቱ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል፤ የትኛውም ጥንቃቄ ያለው ስፌት ያን አያቃናውም። ቀጥሎ ክብነቱ ነው። በካሬ ላይ ክብ የለም፤ ክብ የሚያስመስለው የረድፎቹ አካሄድ ነው። በየረድፉ እኩል እኩል ከተጨመረ የሚወጣው የጎጆ ጣሪያ ነው። ይልቅ ከአንገቱ ሥር 9፣ ከዚያ 13፣ 15፣ 17፣ 19፣ እንደገና 19፣ ከዚያ ሦስት ጊዜ 21፣ ወደ ታች ደግሞ 19፣ 19፣ 17፣ 15፣ 13፣ 9 እየተባለ ሲወረድ ጭማሪው መጀመሪያ ሰፊ ሆኖ ወደ ወገቡ ሲጠጋ ይጠባል፤ ዓይንም ክብ ሆድ ያያል። ሆዱ ብቻ 247 መስቀል ነው።

ሁሉንም በ310 ከሞሉት የሚታየው የጀበና ጥላ ነው እንጂ ጀበና አይደለም። ከግራ ጠርዝ ሦስት ካሬ ገባ ብሎ በሆዱ መሐል አምስት መስቀል ወደ ታች በ433 ሲሰፋ፣ ከጎኑም ጠቆር ባለው የቡና ቀለም በ801 ሲደገፍ፣ ሸክላው ብርሃን የነካው ይመስላል። አምስት ቀለም ብቻ መፈቀዱ የሚጠቅመው እዚህ ነው። ቀለም የበዛለት ሰው እዚህም እዚያም አንዳንድ ነጠላ መስቀል ይበትናል፤ በወረቀት ላይ ያምራል፤ ለሚሰፋው ግን ለእያንዳንዷ ነጥብ ክር መጀመርና መጨረስ ነው፤ ከሩቅም አይታይም።

ለንድፍ ሁለት ሳምንት፣ ለስፌት አንድ ወር መስጠት ተገቢ ነው። በመካከሉ ሊዘለል የማይገባ ነገር አለ፦ ንድፎቹ በዕጣ ይለዋወጡና እያንዳንዱን የሚሰፋው ሌላ ሰው ይሁን። ነዳፊው የራሱን ወረቀት ሲሰፋ ያላሰፈረውን ሁሉ በሐሳቡ ይሞላዋል። ሌላው ሰው ግን ያለችውን ምልክት ብቻ ነው የሚያነበው። ሁለት ቡናማዎች ተመሳሳይ ምልክት ከተሰጣቸው፣ በየ10 ካሬው ደመቅ ያለ መስመር ካልተሰመረ፣ መሐሉ በቀስት ካልተጠቆመ ወዲያው ይታወቃል። ጠላፊው ጨርቁን አራት ላይ አጥፎ ከመሐል ነው የሚጀምረው፤ መሐሉ ያልተጠቆመ ንድፍ ገና በመጀመሪያዋ ስፌት ያስቆመዋል። ከዚህ ልውውጥ ውድድሩ ወዳጅነቱን ያገኛል፤ የሰው ሐሳብ በእጁ የሠራ ሰው ያን ሥራ በቀላሉ አያናንቅም።

ዳኞቹ ራሳቸው ተወዳዳሪዎቹ ቢሆኑ እመርጣለሁ። ሥራዎቹ ያለ ስም በቁጥር ይሰቀላሉ፤ እያንዳንዱ ሰው ለሦስት ሥራዎች 3፣ 2 እና 1 ነጥብ ይሰጣል፤ ለራሱ ንድፍም ለሰፋውም አይሰጥም። ከቅርብ ብቻ ሳይሆን ሦስት ሜትር ያህል ርቆም ማየት ያስፈልጋል፤ ክሮስ ስቲች ከቅርብ ካሬ ነው፣ ሥዕል የሚሆነው ከራቁት ነው። የጨርቁ ጀርባ ይታይ ወይስ አይታይ የሚለው በጠላፊዎች መካከል የቆየ ክርክር ነው። በንድፍ ውድድር አይታይ ባይ ነኝ፤ የሚዳኘው ሐሳቡ ነው፤ ጀማሪውንም ያለ ምክንያት ያሳፍራል።

ጥብቅ መሆን ያለበት አንድ ነገር ቅጂ ነው። ከመጽሔት ወይም ከተሸጠ ንድፍ የተቀዳ አይገባም፤ የባለቤቱ መብት ነው። ፎቶ ወደ ፕሮግራም አስገብቶ ካሬ ያስወጣም ነደፈ አይባልም። ከነጠላ ጥበብ ወይም ከመስቀል ቅርጽ የወሰደ ግን ከየት እንደወሰደ ጽፎ ይግባ፤ ጥንታዊው ሳምፕለርም የተሞላው እንዲሁ ነው።

ውጤቱ ከተነገረ በኋላ ንድፎቹ ሁሉ፣ ያልተሸለሙትም ጭምር፣ ከነዳፊያቸው ስም ጋር ፎቶ ኮፒ ተደርገው በአንድ ላይ ይጠረዛሉ፤ ለእያንዳንዱ ተሳታፊም አንድ አንድ ይደርሰዋል። ለአሸናፊው ጥሩ የጥልፍ መቀስ ወይም የክር ሣጥን በቂ ሽልማት ነው። የሚቀጥለውን ርዕስና አምስቱን ቀለሞች የሚመርጠውም እሱ ነው።