በ24 የማይካፈለው፦ በእጅ ስለሚሠሩ የሞዴል መኪና ክፍሎች

(ለሕዝብ ክፍት በሆነው የፋኩልቲው የገለጻ መርሐ ግብር ላይ ከቀረበው ንግግር የተወሰደ፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ የተስተካከለ)



በእጄ የያዝኋት ይህች መኪና 17 ሴንቲ ሜትር ትረዝማለች። የ1962 ቮልስዋገን ናት፤ ዓመቱን የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። አባቴ እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ የነዳት ቮልስ እንደዚህች ነበረች። መኪናዋ ከተሸጠች ቆይታለች፤ አባቴም ዐርፏል፤ በቤታችን የቀረው ከጎኗ የተነሣ አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ነው። ዛሬ የምነግራችሁ ይህችን ሞዴል ስሠራ ስለተሳሳትሁባቸው ነገሮች ነው። ስለ ልኬት በክፍል ውስጥ ሳስተምር ከኖርሁት ይበልጥ እኔን ያስተማሩኝ እነርሱ ናቸውና።

መነሻዬ ታሚያ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1/24 ልኬት የሚያመርተው የ1966 ቮልስ መገጣጠሚያ ነበር። ልኬቱ ለቮልስ እጅግ ይመቻል፤ በፊትና በኋላ ጎማዎቿ መካከል ያለው ርቀት 2400 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በሞዴሉ ላይ ልክ 100 ሚሊ ሜትር ይመጣል። አራት ዓመት ምን ልዩነት ያመጣል ብዬ እንዳለ ገጣጠምሁት፤ አባቴ በሚወደው ሰማያዊ ቀለም ቀባሁትና ለእናቴ ወሰድሁላት። መነጽሯን አድርጋ ረዥም ጊዜ አገላብጣ አየችው። ከዚያም፦ «ልጄ፣ ታምራለች፤ ግን የአባትህ መኪና አይደለችም። እኛ ከኋላ ተቀምጠን ስንሄድ ውጭው እንዲህ ወለል ብሎ አይታይም ነበር» አለችኝ።

እናቴ የሜካኒክ ትምህርት የላትም፤ ነገር ግን ትክክል ነበረች። ፋብሪካው በነሐሴ 1964 ለ1965 ሞዴል የቮልስን መስኮቶች በሙሉ አስፍቷቸዋል። የፊት መስታወት በስፋት 11 በመቶ፣ የበር መስኮት 6 በመቶ፣ የኋላ ጎን መስኮት 17.5 በመቶ፣ የኋላ መስታወት ደግሞ 19.5 በመቶ አድገዋል። የፊት መስታወቱም ቀድሞ ጠፍጣፋ የነበረው በትንሹ ጎበጥ ብሏል። ይህን ሳነብ መስኮቶቹን መልሼ ለማጥበብ ወሰንሁ፤ ሁለተኛውን ስሕተት የሠራሁትም ያኔ ነው። ከኋላ መስታወቱ ቁመት 19.5 በመቶ፣ ከወርዱም 19.5 በመቶ ቀነስሁ። ውጤቱ የመርከብ መስኮት መሰለ። ያደገው ስፋቱ እንጂ ርዝመቱ አልነበረምና፤ ቁመትና ወርድ እኩል አድገዋል ብለን ብናስብ እያንዳንዱ የጨመረው በ9 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ይህን በየዓመቱ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች በፈተና የማወጣው እኔው ነኝ። ወረቀት ላይ የማልስተውን በሞረድ ሳትሁት።

ከዚያ በኋላ ወደ ፎቶግራፉ ተመለስሁ። ከፎቶግራፍ ላይ ልክ ለመውሰድ መጠኑ በእርግጥ የሚታወቅ አንድ ነገር ያስፈልጋል፤ የእኛ ቮልስ ቸርኬ ዲያሜትሩ 15 ኢንች፣ ማለትም 381 ሚሊ ሜትር ነው። ይሁን እንጂ ይህ መለኪያ የሚያገለግለው ከቸርኬው ጋር በአንድ ርቀት ላይ ላለ ነገር ብቻ ነው። ወደ ካሜራው የቀረበው ፓራፋንጎ ከእውነቱ ሰፍቶ፣ ወደ ውስጥ ያዘነበለው መስኮት ደግሞ ከእውነቱ አንሶ ይታያል። ስለዚህ አንድ ወዳጄ ጋራዥ ውስጥ የቆመች አሮጌ ቮልስ ፈልጌ በሜትር ለካሁ፤ ፎቶግራፉን የተጠቀምሁበት የእኛይቱ ከዚያችኛዋ በምን እንደምትለይ ለማወቅ ነው።

መስኮት የማጥበብ ሥራው ራሱ ትዕግሥት እንጂ ምሥጢር የለበትም። ግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ፕላስቲክ ቀጭን ጠርዝ ቆርጦ በመስኮቱ ክፈፍ ውስጥ ማጣበቅ፣ ሲደርቅ በስቱኮ መሙላት፣ ከዚያም በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ነው። ማጣበቂያው ፕላስቲኩን በጥቂቱ አሟሙቶ ሁለቱን አንድ ስለሚያደርጋቸው በማግሥቱ መሞረድ የለበትም፤ ቢያንስ ሁለት ቀን ይቆይ። አለበለዚያ ሟሚው ሲተን መጋጠሚያው ይሰረጉዳል። ይህንንም ያወቅሁት ቀለም ከቀባሁ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ርእሴ ልግባ። ርዝመት ሁሉ በ24 ይካፈላል። ነገር ግን በተግባር የማይካፈሉ አሉ። የእውነተኛ መኪና ላሜራ ውፍረት 0.8 ሚሊ ሜትር ቢሆን በሞዴሉ 0.033 ሚሊ ሜትር ሊሆን ነው። የሞዴሉ ፕላስቲክ ግን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይወፍራል፤ በእውነተኛ መኪና ቢታሰብ 24 ሚሊ ሜትር የወፈረ ብረት ማለት ነው። ስለዚህ ሠሪው ፕላስቲኩን በሙሉ አያሳሳውም፤ ዓይን የሚያርፍበትን የፓራፋንጎ አፍና የበር ጠርዝ ብቻ ከውስጥ በኩል ይሞርዳል። የቀረው ወፍራም እንደሆነ ይቀራል፤ ማንም አያውቀውም። ቀለምም እንዲሁ ነው። አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ቀለም በሞዴል ላይ ቢቀባ 2.4 ሚሊ ሜትር ልስን እንደ መለሰን ይቆጠራል፤ የበሩ መስመር ይደፈናል።

ክብደት ደግሞ በ24 ሳይሆን በ24 ኩብ፣ በ13,824 ነው የሚካፈለው። ቮልስ 740 ኪሎ ግራም ገደማ ስለምትመዝን ሞዴሏ 54 ግራም ያህል ልትመዝን ይገባል። ጋሊሌዮ በ1638 ባሳተመው ስለ ሁለት አዳዲስ ሳይንሶች በሚናገረው መጽሐፉ ትልቅ እንስሳ የትንሹን አጥንት በልኩ አሳድጎ ሊሸከም እንደማይችል ያስረዳው በዚሁ ሕግ ነው። ለእኛ ሕጉ በተገላቢጦሽ ይሠራል። ትንሹ ሞዴል ከሚያስፈልገው በላይ ጠንካራ ስለሆነ ከቆርቆሮና ከስልክ ሽቦ የተሠራ ፓራውልት ያለ ችግር ይቆማል።

በጣም የምወደው ክፍል የጎማው ክዳን ነው። የ1966 ሞዴል ክዳን ጠፍጠፍ ያለ ሲሆን የእኛይቱ ግን እንደ ተገለበጠ ጽዋ ጎበጥ ያለ ነበር፤ በሞዴሉ ዲያሜትሩ ወደ 10 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ከለስላሳ መጠጥ ጣሳ አልሙኒየም ቆረጥሁ። የጣሳ አልሙኒየም ሲመታ ይሰነጠቃል፤ በቅድሚያ በእሳት መለስለስ አለበት። ይሁንና አልሙኒየም እንደ ብረት ሳይቀላ ድንገት ይቀልጣል። የቀድሞ ባለሙያዎች መላ አላቸው፦ ላዩን በደረቅ ሳሙና ቀብተው ከሥር ያሞቁታል፤ ሳሙናው ሲጠቁር ብረቱ ለስልሷል ማለት ነው። ከዚያ ጣውላ ላይ በተበሳ ቀዳዳ አፍ ላይ አስቀምጬ የኩሽኔታ ኳስ ጫንሁበትና በሞርሳ ቀስ ብዬ አጠበቅሁት። አራት ደኅና ክዳኖች ለማግኘት አሥራ ዘጠኝ ሠርቻለሁ። የጎበጠ ላሜራ በመዶሻ ሲያቃና ያየሁት ባቲላሜራ ሁሉ ከዚያ ቀን ጀምሮ በዓይኔ ከበረ።

ይህን ሁሉ የልጅ ጨዋታ ነው የሚል ካለ አንድ ታሪክ ልጥቀስ። በአሜሪካ የጄኔራል ሞተርስ አካል የነበረው ፊሸር ቦዲ ከ1930 እስከ 1968 ለወጣቶች የሞዴል ሥራ ውድድር ያካሂድ ነበር። መጀመሪያ የሚሠሩት የናፖሊዮንን ሠረገላ ነበር፤ ቆይቶ ወጣቶቹ ራሳቸው የነደፏቸውን መኪናዎች በ1/12 ልኬት ማቅረብ ጀመሩ። ሽልማቱ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ወጪ ነበር። በ1947 አንደኛ የወጣው ቻርልስ ጆርዳን በኋላ የዚያው ኩባንያ የንድፍ ክፍል ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኗል። ኩባንያው የፈለገው ሥዕል የሚያሳምር ወጣት ብቻ አልነበረም፤ የሣለውን መስመር በእንጨት ላይ ሲያገኘው ምን እንደሚገጥመው የሚያውቅ ወጣት ነበር። ውድድሩ ለወንዶች ብቻ የተፈቀደ መሆኑን ግን ሳልናገር አላልፍም፤ የስንት ሴት ልጆች እጅ እንደቀረ መገመት ይቻላል።

ወደ እናቴ ልመለስ። መስኮቶቹ ከጠበቡ፣ ክዳኖቹም ከተቀየሩ በኋላ ሞዴሉን ዳግም አየችው። አሁንስ አልኋት። ዝም ብላ ቆየችና፦ «የቀኝ በሯ እኮ ሌላ ሰማያዊ ነበር» አለች። እውነት ነው፤ በሩ ከተገጨ በኋላ ከሌላ መኪና ተወስዶ የተገጠመ ነበር፤ ፎቶግራፉ የተነሣው ከግራ ስለሆነ አይታይም። በየትኛው መጽሐፍ ይገኝ ነበር? ያን ቀለም ያገኘሁት ለእናቴ አምስት ናሙና ቀብቼ በማሳየት ነው። አራተኛውን መረጠች።

መሪዋ ገና አላለቀችም። ክቡ ከ17 ሚሊ ሜትር በታች ነው፤ እስካሁን ሦስት ሰብሬአለሁ። ጥያቄ ካላችሁ ለመቀበል ዝግጁ ነኝ፤ ሞዴሏን በቅርብ ማየት የምትሹም ወደ ፊት ቅረቡ፤ በጣሪያዋ እንዳታነሷት ብቻ አደራ።