በዓለም ገናና በአካባቢው ለመኖሪያ ቤት የሚስማማ ወለል

ከአዲስ አበባ ወጥቶ ወደ ጅማ የሚዘልቀው መንገድና ወደ ቡታጅራ የሚታጠፈው መንገድ የሚለያዩት ዓለም ገና ላይ ነው። ይህ ስፍራ ከሰበታ፥ ከቡራዩና ከሱሉልታ ጋር በ2015 ዓ. ም. ሸገር በተባለው ከተማ ሥር ተጠቃሏል። በነዚህ ቦታዎች ሁሉ ቤት ሳይሠራ የሚውልበት ቀን የለም ለማለት ይቻላል። ነገር ግን ባለቤቱ ገንዘቡን የሚያፈሰው በቆርቆሮው፥ በግድግዳውና በበሩ ላይ ነው፤ ወለሉ «ኋላ ይደርሳል» ይባልና ብዙ ጊዜ በዚያው ይቀራል። ሕፃን የሚድኸው ግን በቆርቆሮው ላይ ሳይሆን በወለሉ ላይ ስለ ሆነ፥ ነገሩ ለኋላ የሚተው መስሎ አልታየንም። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለጤና የሚበጅ፥ መሬቱንና አየሩንም የማይጎዳ ወለል የትኛው እንደ ሆነ ለማስረዳት እንሞክራለን።

በመጀመሪያ የጥንቱን የእበት ወለል እንይ። አሠራሩ እንደሚታወቀው አፈሩን ደልድሎ፥ ውኃ አርከፍክፎና ደቅድቆ፥ በላዩ በውኃ የተበጠበጠ እበት በእጅ መለቅለቅ ነው። ይህን ወለል እንደ ኋላ ቀርነት ምልክት ብቻ ከሚቆጥሩት ጋር አንስማማም። በእበት ውስጥ ያለው የሣር ጭረት አፈሩን እንደ ጅማት አያይዞ ይይዘዋል፤ አቧራ ያስቀራል፤ ስንጥቅ ይደፍናል፤ ዋጋ አይጠይቅም፤ ሲያረጅም ወደ መሬት ተመልሶ ማዳበሪያ ይሆናል። ጉድለቱ በሌላ በኩል ነው። ልቅለቃው ቶሎ ስለሚላጥ በየሳምንቱ ሊታደስ ይገባዋል፤ ይህም ድካም የሚወድቀው በእናቶችና በልጃገረዶች ጫንቃ ላይ ነው። የቁንጫ ዕጭ የሚያድገው በእንዲህ ያለው ወለል ስንጥቅና ትቢያ ውስጥ ነው። ሙጃሌም ዕድገቱን የሚጨርሰው በደረቅ አፈር ውስጥ ሆኖ ኋላ እግር ይበሳል። የወስፋት ዕንቁላልም በአፈር ውስጥ ብዙ ወራት ሳይሞት ይቆያል። እበቱ ራሱ የመንጋጋ ቆልፍ ተሐዋስያን ሊገኙበት ስለሚችል፥ እትብቱ ገና ያልደረቀ ሕፃን ባለበት ቤት አዲስ ልቅለቃ አደገኛ ነው።

ከዚህ ሌላ ለአገራችን የተለየ ምክንያት አለ፤ ይኸውም የዝሆኔ በሽታ ነው። በደጋና በወይና ደጋ የሚገኘው ዝሆኔ የሚመጣው ከትንኝ አይደለም። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረ ቀይ አፈር ውስጥ ያሉ ደቃቅ ቅንጣቶች ለረጅም ዘመን በባዶ እግር ቆዳ በኩል እየገቡ ያመጡታል። ይህን በ1970ዎቹ (በፈረንጆች አቆጣጠር) በኢትዮጵያ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በሰፊው መርምሮ፥ በሽታውን «እግር» እና «አቧራ» ከሚሉት የግሪክ ቃላት ፖዶኮኒዮሲስ ብሎ ሰየመው። ከዚያ ወዲህ በአገራችን በተደረጉ ጥናቶች፥ ጫማ ከማድረግና እግር ከመታጠብ ጋር፥ በተሸፈነ ወለል ላይ መኖር ከበሽታው ማነስ ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። ገበሬው ከእርሻ ሲመለስ ጫማውን በደጃፍ ያወልቃል፤ ውስጡ አፈር ከሆነ ግን የጫማው ጥቅም ከደጃፉ አያልፍም።

ወለል መለወጥ ምን ያህል እንደሚጠቅም በቁጥር የታየው በሜክሲኮ ነው። በዚያ አገር መንግሥት በ2000 (በፈረንጆች) በኮዋዊላ ክፍለ አገር ለድኾች ቤት የሲሚንቶ ወለል ማስነጠፍ ጀመረ። በ2009 የታተመው ጥናት እንደሚያስረዳው፥ የአፈሩ ወለል ፈጽሞ በሲሚንቶ ሲተካ በሕፃናት ላይ የአንጀት ጥገኛ ትላትል 78 በመቶ፥ ተቅማጥ 49 በመቶ፥ የደም ማነስ 81 በመቶ ቀነሰ። እናቶችም ጭንቀታቸው እንደ ቀለለ ተመዝግቧል። ይህ ሁሉ ያለ አንዳች መድኃኒት ነው።

እንግዲህ ሊሾ እናስደርግ ማለት ነውን? በዓለም ገናና በሱሉልታ ሜዳ መልሱ ቀላል አይደለም። መሬቱ በብዙ ቦታ ኮትቻ ነው፤ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፥ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። በእንዲህ ያለ አፈር ላይ በቀጥታ የፈሰሰ ሊሾ በሁለተኛው ዓመት ሲሰነጠቅ ብዙዎች ሲሚንቶውን ይወቅሳሉ፤ ጥፋቱ ግን ከሥር ያለው አፈር ነው። ጥቁሩ አፈር ወጥቶ ገረጋንቲ ሊሞላና ሊጠቀጠቅ፥ በላዩም ድንጋይ ሊደረደር ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ነገር ጭሱ ነው። ሲሚንቶ የሚሠራው የኖራ ድንጋይ እስከ 1450 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ተቃጥሎ ሲሆን፥ በዓለም ከሚወጣው የካርቦን አየር ከመቶ ሰባት እስከ ስምንት እጅ ያህሉ ከዚህ ሥራ ይመጣል። አራት ሜትር በአራት ሜትር ለሆነ ክፍል 10 ሳንቲ ሜትር ቤቶንና 2 ሳንቲ ሜትር ሊሾ ብናደርግ፥ በእኛ ሒሳብ ስድስት ኩንታል ያህል ሲሚንቶ ይፈጃል፤ ከርሱም ጋር ግማሽ ቶን ያህል የካርቦን አየር ይወጣል። ፒፒሲ የሚባለው ሲሚንቶ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ዱቄት ስለ ተቀላቀለበት ይህን ይቀንሳል፤ ለወለልም ይበቃል። ለወለል ብሎ ኦፒሲ የሚገዛ ሰው ያለ ጥቅም ይከስራል።

በየሱቁ በሜትር እየተቆረጠ የሚሸጠውን የፕላስቲክ ንጣፍ ብዙ አናመሰግነውም። ርካሽና ለመወልወል የሚመች መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ፕላስቲኩን ለማለስለስ የሚገባበት ፍታሌት የተባለ ቅመም ቀስ በቀስ ወደ ቤቱ አቧራ ይወጣል፤ በ2004 (በፈረንጆች) የታተመ የስዊድን ጥናት ይህን አቧራ ከሕፃናት አስምና ከቆዳ ቁጣ ጋር አያይዞታል። እርጥብ አፈር ላይ ሲነጠፍም ከሥሩ ይሻግታል። ወፍራም ምንጣፍ ደግሞ የቁንጫ ቤት ነው። የባሕር ዛፍ ጣውላ በአካባቢው አይጠፋም፤ ሆኖም በደንብ ሳይደርቅ ከተመታ ይጣመማል። ቀርከሃ ተቆርጦ መልሶ የሚበቅል በመሆኑ ተስፋ ያለው ነው፤ የሚያጣብቀው ሙጫ ግን ምን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል።

በእኛ አስተያየት፥ ለሲሚንቶ አቅም ለሌለው ቤተ ሰብ ተመራማሪዎቻችን ሊሞክሩት የሚገባው በዘይት የታሸገ የአፈር ወለል ነው። በሩዋንዳ ከ2014 (በፈረንጆች) ጀምሮ ኧርዝኢኔብል የተባለ ድርጅት ጠጠርና ቀይ አፈር ጠቅጥቆ፥ በላዩ ደቃቅ አፈርና አሸዋ አልስልሶ፥ ከአትክልት ዘይት የተሠራ ቫርኒሽ ያጠጣዋል። ዘይቱ አየር ሲያገኝ ይጠነክራል፤ ወለሉ በውኃ የሚወለወል ይሆናል። እንዲህ ለመጠንከር ከሚችሉት ዘይቶች ዋናው የተልባ ዘይት ነው፤ ተልባ ደግሞ የሸዋ ደጋ ገበሬ የሚያውቀው አዝመራ ነው። የኑግ ዘይት በዚህ ረገድ ደከም ያለ ስለ ሆነ ለድስት ቢቀር ይሻላል። አፈሩ ከቡራዩ አቀበት ወይም ከወጨጫ ጥግ የመጣ ቀይ አፈር ቢሆን መልካም ነው፤ ኮትቻ ግን ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ ከቶ አይሆንም። ቀዩ አፈር ከላይ እንደ ተናገርነው ለእግር የሚያሰጋ ስለ ሆነ፥ ዘይቱ ሳይቆጠብ ሦስትና አራት ጊዜ ሊቀባ ይገባል።

ሥራው በበጋ መሆን አለበት። በሐምሌ የተቀባ ዘይት በሱሉልታ ብርድና እርጥበት በቶሎ አይደርቅም። ዘይቱ የተቀባበትም ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ በራሱ ግሎ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል፥ ውኃ ውስጥ መንከር ወይም ደጅ ዘርግቶ ማድረቅ ያስፈልጋል።