የአማርኛ ጽሑፍ በኮምፒውተር ሲዘበራረቅ፦ የጠፋውን ካልጠፋው እንዴት እንለየው?

ደብረ ታቦር፦ የአርሶ አደሩ ስም ዛሬ በወፍራም መዝገብ ላይ ብቻ ሰፍሮ አይቀርም። የመሬት ይዞታው፣ የማዳበሪያ ድርሻው፣ የጤና መድኅን አባልነቱ እና በኅብረት ሥራ ማኅበር ያለው ዕጣ ወደ ኮምፒውተር እየገባ ነው። የከተማው ነዋሪም ማመልከቻውን አስተይቦ በፍላሽ ወይም በቴሌግራም ይልካል። በጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ አምሮ የታየው ማመልከቻ ግን በተቀባዩ ቢሮ ሲከፈት ትርጉም የለሽ የምልክት ክምር ኾኖ ሊገኝ ይችላል። ከቀበሌ ወደ ወረዳ በተላከ የስም ዝርዝርም ስልክ ቁጥሩ ሊጎድል፣ ስሙ ሊሰወር ይችላል።

ይህ ሲያጋጥም ብዙዎች "ቫይረስ በላው" ብለው ፋይሉን ይጥሉታል፤ እንደገና ያስተይባሉ፤ ድጋሚ ይከፍላሉ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጽሑፉ አልጠፋም። በእርግጥ የሚጠፋበት ሁኔታም አለ፤ እርሱም በአብዛኛው የሚደርሰው ፋይሉ ባልተገባ መንገድ ሲቀመጥ ነው። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ገንዘብንም፣ ጊዜንም፣ መብትንም ያድናል።

ችግሩ ከየት መጣ?

ኮምፒውተር የፊደልን ቅርጽ አያስቀምጥም፤ የሚያስቀምጠው ቁጥር ነው። ፎንት የሚባለው ደግሞ ቁጥሩን አይቶ በማያ ገጹ ላይ ቅርጹን የሚስለው ክፍል ነው። ቀደም ባለው ዘመን አንድ ፎንት የሚይዘው ቢበዛ 256 ቦታ ሲኾን አደላደሉም ለላቲን ፊደል የተሠራ ነበር። የአማርኛ ፊደል ግን 33ቱ ዋና ፊደላት በሰባት ሲባዙ ብቻ 231 ይደርሳሉ። እንደ ሏ፣ ቋ እና ጓ ያሉት ፊደላት፣ የግዕዝ ቁጥሮችና ሥርዓተ ነጥቦች ሲጨመሩ ቦታው አይበቃም። ስለዚህ የያኔዎቹ የአማርኛ መጻፊያዎች በላቲኑ ቦታ ላይ የአማርኛን ቅርጽ አስቀመጡ፤ ፊደሉንም በሁለትና ከዚያ በላይ በኾኑ ፎንቶች ከፋፈሉት። እያንዳንዱ ሠሪም የራሱን አደላደል ተከተለ።

ነገሩ እንደ ቁና ነው። የአንዱ ገበያ ቁና ከሌላው ገበያ ቁና ጋር እኩል ስላልኾነ "አምስት ቁና" የሚለው ቃል ብቻውን የእህሉን ልክ አይናገርም። የየትኛው ገበያ ቁና እንደኾነ መታወቅ አለበት። በአሮጌ ፎንት የተጻፈ ደብዳቤም የተጻፈበት ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ልኩ የማይታወቅ ቁና ይኾናል።

ለዚህ እንደ ኪሎ ለሁሉም አንድ የኾነ መለኪያ የኾነው ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ነው። እ.ኤ.አ በ1999 የወጣው የዩኒኮድ 3.0 እትም ለግዕዝ ፊደል የራሱን ቦታ ሰጠው። በዚህ ሥርዓት የ"ሀ" ቁጥር 4608፣ የ"ሁ" 4609፣ የ"ለ" ደግሞ 4616 ነው፤ በደብረ ታቦርም ኾነ በዋሽንግተን አይለወጥም። እ.ኤ.አ በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ መጣ። ኾኖም በአሮጌው አሠራር የተተየቡ ደብዳቤዎች፣ ቃለ ጉባኤዎችና ውሎች ዛሬም በየፍላሹ አሉ።

አራቱ ምልክቶች

የተዘበራረቀ ፋይል ሲከፈት ከሁሉ አስቀድሞ ማድረግ የሚገባው ምንም ሳያስቀምጡ መዝጋትና ቅጂ ማዘጋጀት ነው። ሙከራው ሁሉ በቅጂው ላይ ይኾናል። ቀጥሎ የሚታየውን ምልክት ማጤን ያስፈልጋል።

አንደኛ፣ በአማርኛ ፈንታ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ተደበላልቀው ከታዩ ጽሑፉ በአሮጌ ፎንት የተተየበ ነው። አልጠፋም። ጽሑፉን መርጦ የፎንት ስም በሚታይበት ሳጥን ውስጥ የተጻፈውን ማንበብ፣ ያንኑ ፎንት ከላኪው አግኝቶ መጫን ይበቃል። ለዘለቄታው ግን ወደ ዩኒኮድ በሚቀይር መሣሪያ ቀይሮ፣ ከዋናው ጋር አስተያይቶ ማስቀመጥ ይሻላል። በስልክ የሚከፈት የቴሌግራም ደብዳቤ ላይ ይህ ችግር የሚበዛው ስልኮች አሮጌዎቹን ፎንቶች ስለማይዙ ነው።

ሁለተኛ፣ ባዶ ሳጥኖች ከተደረደሩ ጽሑፉ ዩኒኮድ ሊኾን ይችላል፤ የጎደለው የግዕዝ ቅርጽ ያለው ፎንት ነው። ጽሑፉን መርጦ ፎንቱን ወደ ኒያላ፣ ኤብሪማ፣ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ መለወጥ ብዙ ጊዜ ይፈታዋል።

ሦስተኛ፣ ላዩ ላይ ጭረት ያለበት የላቲን ትንሹ "ኤ" ፊደል በየሁለትና በየሦስት ምልክቱ እየተመላለሰ ከታየ ፋይሉ ደኅና ነው፤ የተሳሳተው የአከፋፈቱ መንገድ ነው። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አቀማመጥ አንድ የአማርኛ ፊደል ሦስት ቦታ ይይዛል። ኤክሴል ሲኤስቪ የተባለውን ፋይል በሁለት ጠቅታ ሲከፍት እያንዳንዱን ቦታ እንደ አንድ ፊደል ሊያነበው ይችላል። መፍትሔው ባዶ ኤክሴል ከፍቶ፣ "ዳታ" በሚለው ማውጫ ከጽሑፍ ፋይል ማስገቢያውን መርጦ፣ የፋይሉን ምንጭ 65001 ወይም ዩቲኤፍ-8 ማድረግ ነው።

አራተኛው የጥያቄ ምልክት ነው። በየፊደሉ ፈንታ የጥያቄ ምልክት ከተደረደረ፣ ፋይሉም በዚያው መልክ ከተቀመጠ፣ የፊደሎቹ ቁጥር ተሰርዟል። ፎንት ቢለወጥም፣ መሣሪያ ቢጫንም አይመለስም። ይህ የሚደርሰው ለምሳሌ በአማርኛ የተሞላ የኤክሴል ዝርዝር በተራው ሲኤስቪ ሲቀመጥ ነው። የማስቀመጫው ዝርዝር ውስጥ "ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8" የሚለውን መምረጥ ጉዳቱን ያስቀረዋል። ዋናውን የኤክሴል ፋይል አለማጥፋትም የማይታለፍ ጥንቃቄ ነው።

ገጹ ለምን ይዘላል?

ፊደሉ በትክክል ተነቦ የገጹ አቀማመጥ ብቻ የሚበላሽበት ጊዜም አለ። በሦስት ገጽ ያለቀው ውል በሌላ ኮምፒውተር አራት ገጽ ይኾናል፤ ፊርማው ብቻውን ወደ መጨረሻው ገጽ ይሄዳል። ኒያላ በዊንዶውስ 10 እንደ ተጨማሪ አማራጭ የሚጫን ነው። በሌለበት ኮምፒውተር እንደ ኤብሪማ ያለ ሌላ ፎንት ይተካዋል፤ የፊደሎቹ ስፋትና የመስመሩ ርቀት ስለሚለያዩም ገጹ ይገፋል።

ስለዚህ እርማት የማያስፈልገው፣ የሚታተምና የሚፈረም ሰነድ በፒዲኤፍ መላክ አለበት። ፒዲኤፍ እንደ ወትሮው ከተዘጋጀ ፎንቱን አብሮ ይዞ ይሄዳል። በአሮጌ ፎንት ከተተየበ ጽሑፍ የተሠራ ፒዲኤፍ ግን ለዓይን ትክክል ቢመስልም ቃል ሲፈለግበት አይገኝም፤ ተቀድቶ ወደ ሌላ ገጽ ሲወሰድም ወደ ላቲን ምልክት ይለወጣል።

ዜሮው፣ የመጨረሻው አኃዝ እና ጳጉሜን

ኤክሴል የሚያየውን አኃዝ ሁሉ የሚሰላ ቁጥር አድርጎ ይወስዳል። በ09 የሚጀምር ስልክ ሲጻፍ የፊተኛው ዜሮ ይወድቃል። ባለ 13 አኃዝ የባንክ ሒሳብ ቁጥር በአጭር የሳይንስ አጻጻፍ ይታያል፤ ቁጥሩ ግን ከውስጥ አለና ዓምዱን ወደ ተራ የቁጥር መልክ መመለስ ያወጣዋል። በአጭሩ እንደታየ በሲኤስቪ ከተቀመጠ ግን የተደበቁት አኃዞች ይቀራሉ።

ከዚህ የከፋው በፋይዳ ካርድ ላይ ያለው ባለ 16 አኃዝ ቁጥር ነው። ኤክሴል የሚጠብቀው 15 አኃዝ ብቻ ስለኾነ 16ኛውን ወደ ዜሮ ይለውጠዋል፤ በኋላም አይመልሰውም። ከመጻፍ በፊት ዓምዱን በሙሉ መርጦ መልኩን "ቴክስት" ማድረግ፣ ወይም ከቁጥሩ ፊት ነጠላ ጥቅስ ማስገባት ይገባል።

ቀንም እንዲሁ ነው። ኤክሴል ቀን የሚቆጥረው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው። የኮምፒውተሩ ቅንብር ወርን የሚያስቀድም ከኾነ ኅዳር 5 ለማለት 5/3/2017 የጻፈ ሰው ሳያውቀው የፈረንጆቹን ሜይ 3 መዝግቧል። የጳጉሜን 3 ቀን 3/13 ተብሎ ሲጻፍም ማርች 13 ይኾናል። ቀንን፣ ወርንና ዓመተ ምሕረትን በሦስት የተለያዩ ዓምዶች መጻፍ ከዚህ ያድናል።

አንድ ሰው፣ ሁለት ስም

ለጆሮ አንድ የኾኑት ሀ፣ ሐ እና ኀ ለኮምፒውተር 4608፣ 4624 እና 4736 ናቸው። "ሥዩም" ተብሎ የተመዘገበ አርሶ አደር "ስዩም" ተብሎ ቢፈለግ ላይገኝ ይችላል፤ "ዓለሙ" እና "አለሙ" ሁለት ሰዎች ተብለው ሊቆጠሩ ይችላሉ። መዝጋቢው በመታወቂያው ላይ ያለውን አጻጻፍ እንዳለ መከተል፣ ስም አልተገኘም ከማለቱ በፊትም በሌላው ፊደል፣ በአባት ስም ወይም በስልክ ቁጥር መፈለግ አለበት።

አራት ነጥብም የዚሁ ችግር ወገን ነው። ብዙዎች ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ በመምታት "፡፡" ብለው ይጽፉታል። ለዓይን ይመስላል፤ ለኮምፒውተር ግን ትክክለኛው "።" ራሱን የቻለ ምልክት ነው። በመተኪያው ትዕዛዝ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማረም ይቻላል።

አገልግሎት ፈላጊው ምን ያድርግ?

ኮምፒውተር የማይነካ ሰውም አቅም አለው። አስተይቦ ሲወጣ በፍላሹ ላይ ሁለት ፋይል እንዲቀመጥለት ይጠይቅ፦ አንዱ ለማረሚያ የሚኾን በዩኒኮድ የተተየበ፣ ሌላው ለመላኪያ የሚኾን ፒዲኤፍ። በዝርዝር ሲመዘገብ ደግሞ ስሙ፣ የስልኩ የመጀመሪያ ዜሮ እና የፋይዳው የመጨረሻ አኃዝ በትክክል መስፈሩን ከማያ ገጹ ላይ እንዲያነቡለት ያድርግ። "ስምህ የለም" ሲባልም ከመመለሱ በፊት፣ በሌላው "ሰ" ወይም በሌላው "አ" እንዲፈለግለት ይጠይቅ።