አዛዡ ማን ነው? የአደጋ ጊዜ ቅንጅት ከማዕከል እስከ ምዕራብ ጎጃም ወረዳዎች

ሐምሌ 14 ቀን 2016 ዓ.ም. ምሽት በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ዝናብ ያራሰው ተራራ ተንዶ ቤቶችን ቀበረ። በማግሥቱ ጠዋት ጎረቤቱ፣ መምህሩ፣ የጤናና የግብርና ባለሙያው፣ የቀበሌው አስተዳዳሪ ሳይቀር የተቀበሩትን ለማውጣት ደረሱ። አካፋ ያለው በአካፋ፣ የሌለው በእጁ ሲቆፍር ተራራው እንደገና ተናደ። በሁለቱ ናዳዎች ከ220 በላይ ሰው ያለቀ ሲሆን፣ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሊረዱ የሄዱ ነበሩ።

በዚያች ቀበሌ ደግነትም ድፍረትም አልጎደለም። እንዲህ ያለ ሰዓት ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው ግን «ማንም አይጠጋ፤ መጀመሪያ ዳገቱ ይታይ» ብሎ የሚያዝና ትእዛዙ የሚከበርለት አንድ ሰው ነው። በአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤቶች ማን እንደሚያዛቸውና እንዴት እንደሚቀናጁ ማሰብ የሚጀመረውም ከዚህ ነው።

ማዘዝና ማስተባበር

ማዘዝና ማስተባበር ብዙ ጊዜ አብረው ስለሚነሱ አንድ ይመስላሉ። ማዘዝ በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ሥልጣን ነው፤ የፖሊስ አዛዥ ፖሊሱን፣ የሆስፒታል ሥራ አስኪያጅ ሐኪሙን ያዛል። ማስተባበር ደግሞ አንዱ ሌላውን የማዘዝ መብት በሌላቸው ተቋማት መካከል የሚደረግ ስምምነት ነው። ጤና ጽሕፈት ቤት ውሃ ጽሕፈት ቤትን አያዝም፤ ቀይ መስቀልም የወረዳ አስተዳዳሪ ታዛዥ አይደለም። ሆኖም የአንዱ ሥራ ከሌላው ካልገጠመ ሁለቱም ይበላሻል።

በዓለም ላይ ለዚህ በስፋት የሚሠራበት መፍትሔ የተገኘው ከሰደድ እሳት ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 በካሊፎርኒያ የተነሣው ቃጠሎ የብዙ ከተሞችንና መሥሪያ ቤቶችን የእሳት አደጋ ሠራተኞች አንድ ላይ አሰለፈ። የየመሥሪያ ቤቱ ሬዲዮ አይገናኝም፤ የአንዱን አጠራር ሌላው አያውቀውም፤ የጋራ አዛዥም አልነበራቸውም። ከዚያ በኋላ የተቀረጸው የአደጋ ሥፍራ አመራር ሥርዓት መርሆች ቀላል ናቸው። እያንዳንዱ ሠራተኛ ለአንድ አለቃ ብቻ ይታዘዛል። አንድ አለቃ ከሦስት እስከ ሰባት ሰው ይመራል። ሥራው በአመራር፣ በተግባር፣ በዕቅድ፣ በአቅርቦትና በገንዘብ ይከፈላል። ብዙ ተቋማት ሲገናኙም አዛዦቻቸው አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው አንድ ዕቅድ ያወጣሉ።

ይህ አሠራር ለእኛ ሰው እንግዳ ሊሆን አይገባም። የፍኖተ ሰላም ወይም የቡሬ እድር ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ዕቃ ያዥና ጥሩምባ ነፊ አለው። ሞት በተሰማ ሰዓት ድንኳኑን ማን እንደሚተክል፣ አግዳሚውን ማን እንደሚያመጣ፣ ድስቱን ማን ቆጥሮ እንደሚረከብ ስብሰባ ሳይጠራ ይታወቃል። እድሩን የሚያሠራው ደንቡ ከለቅሶው በፊት መጻፉ ነው።

ቦታውን የሚቀያይር መሥሪያ ቤት

በአገራችን ለአደጋ የቆመ ቋሚ መሥሪያ ቤት የተወለደው ከረሃብ ነው። የወሎ ረሃብ ከተደበቀበት ከወጣ በኋላ በ1966 ዓ.ም. የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ። ጥቂት ቆይቶም የዝናብን፣ የሰብልንና የገበያ ዋጋን ሁኔታ የሚከታተል የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ዘረጋ።

በ1977ቱ ረሃብ ኮሚሽኑ እህሉን፣ መኪናውንና ለጋሾቹን ሲያስተባብር የተባበሩት መንግሥታትም በኩርት ያንሰን የሚመራ የአስቸኳይ ጊዜ ጽሕፈት ቤት በአዲስ አበባ ከፈተ። ሰዎችን ከረሃቡ አካባቢ ወደ ሌላ ቦታ ያጓጓዘውን ሠፈራ ግን በዋነኛነት የመራው የገዢው የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) መዋቅር ነበር። በያኔው ጎጃም ክፍለ ሀገር መተከል ውስጥ ወደ ፓዌ የተጫኑ ሠፋሪዎች የወረዱት ውሃው፣ ቤቱና ሕክምናው በወጉ ሳይሰናዳ፣ ወባ በበዛበት ቆላ ነው። እህል አዳዩ ለአንድ አለቃ፣ ሰው አጓጓዡ ለሌላ አለቃ መታዘዙ ያስከተለውን ጉዳት ፓዌ በግልጽ አሳይቷል።

ከዚያ ወዲህ መሥሪያ ቤቱ ስሙና ወንበሩ ብዙ ጊዜ ተቀያይሯል። በ1986 ዓ.ም. የአደጋ መከላከል ፖሊሲ ወጣ፤ በ1987 መሥሪያ ቤቱ የአደጋ መከላከልና ዝግጁነት ኮሚሽን ተባለ፤ በ1996 ኤጀንሲ ሆነ፤ በ2001 ግብርና ሚኒስቴር ውስጥ ገብቶ አንድ ዘርፍ ሆነ። በ2005 ዓ.ም. ትኩረቱን ዕርዳታ ከማከፋፈል ሥጋትን ወደ መቀነስ የሚያዞር አዲስ ፖሊሲ ጸደቀ። በ2008 እንደገና ኮሚሽን ሆኖ ከግብርና ወጣ፤ በ2011 ለሰላም ሚኒስቴር ተጠሪ ተደረገ፤ ኋላም ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ተመለሰ።

ይህን መዘርዘር ያስፈለገው ተጠሪነት የማዘዝን አቅም ስለሚወስን ነው። በአንድ ሚኒስቴር ሥር ያለ ዘርፍ ሌላውን ሚኒስቴር «መኪናህን አምጣ» ሲለው ልመና ነው፤ በመንግሥት አናት ያለ ኮሚሽን ሲለው ግን ትእዛዝ ይሆናል። መዋቅር በተነካካ ቁጥር ደግሞ ልምድ ያካበተ ባለሙያ ይበተናል፤ ክልልና ዞንም የበላዩን ስም ተከትሎ ማኅተሙን ሲቀይር ይከርማል።

ከውጭ ያለው መስመርም የራሱ ታሪክ አለው። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2005 ባደረገው ለውጥ ረድኤት ድርጅቶች በክላስተር ተቧደኑ፤ ጤና፣ ውሃ፣ ምግብ፣ መጠለያ እያለ እያንዳንዱ መሪ ተሰየመለት። አዲስ አበባ ላይ ጠረጴዛው ሙሉ ነው። ወደ ወረዳ በተወረደ ቁጥር ግን ወንበሮቹ እየጎደሉ ይሄዳሉ።

ለድርቅ የተሰፋ ሥርዓት

ጎፋ የወረደው ናዳ በሰዓታት ውስጥ ያለቀ ነው። ድርቅ ግን ወራት ይሰጣል፤ ጥናቱ፣ ኮሚቴው፣ ጥያቄውና ምላሹ ተራ በተራ ይሄዳል። በ2008ቱ የኤልኒኞ ድርቅ 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ ዕርዳታ እንደሚሻ መንግሥትና አጋሮቹ በአንድ ሰነድ ተስማምተው ማስታወቅ ችለዋል። የመጠባበቂያ እህል ክምችቱም ከዚሁ ጋር የሚሄድ ብልሃት ነው፤ ድርጅቶች መርከባቸው ጅቡቲ እስኪደርስ ከክምችቱ ተበድረው ያከፋፍላሉ፤ ሲደርስላቸው ይተካሉ።

ምዕራብ ጎጃም በዚህ ሥርዓት ውስጥ የሚታወቀው በሰጪነቱ ነው። የቡሬ፣ የወንበርማና የጃቢ ጠህናን በቆሎና ስንዴ ወደ ሌላው አገር ይጫናል፤ ቡሬ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተገነባባትም ለዚህ ነው። ድርቅ ሲነሣ ስማቸው የሚጠራው ዋግ ኽምራና ሰሜን ወሎ ናቸው፤ የዕርዳታ ድርጅቶች ቢሮ፣ መጋዘንና የሠለጠነ ሰውም እዚያው ከትመዋል። «ትርፍ አምራች» የሚለው ስም አካባቢውን ከችግር የራቀ አስመስሎታል።

መንገዱ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። ቡሬ ላይ ከዋናው የአዲስ አበባ ባሕር ዳር መንገድ የሚገነጠለው ወደ ዓባይ ወርዶ ነቀምት ይገባል። በምሥራቅ ወለጋ ግድያና መፈናቀል ሲበረታ የሸሹ ቤተሰቦች ዓባይን ተሻግረው ወደዚህ መጥተዋል። በመተከል በ2013 ዓ.ም. የደረሰውን ግድያ ተከትሎም በአጎራባቹ አዊ ዞን፣ ቻግኒ ራንች መጠለያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ተጠልሏል። ድርቅን ሲጠባበቅ የኖረው ሥርዓት ተፈናቃይ ደረሰበት፤ ያውም በአንድ ሌሊት።

እንዲህ ባለ ቀን ወረዳ ውስጥ የሚሆነውን ጠጋ ብሎ ማየት ይጠቅማል። አንዲት እናት ከአራት ልጆቿ ጋር ትምህርት ቤት ቅጥር ግቢ ትደርሳለች። የቀበሌው ጸሐፊ በደብተሩ ይመዘግባታል። የአደጋ መከላከል ባለሙያው ለእህል በሌላ ቅጽ ይጽፋታል። የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ልጆቹን፣ ጤና ጣቢያው ክትባታቸውን በየራሱ መዝገብ ያሰፍራል። ከሰዓት በኋላ አንድ ድርጅት በታብሌት ይደግማታል። አምስት ጊዜ ተመዝግባም ብርድ ልብስ የሚደርሳት ስሟ ከአምስተኛው ዝርዝር ጋር ሲመሳከር ነው። ከእሷ ኋላ ዘመድ ቤት ያረፈው ቤተሰብ ደግሞ ከአንዱም መዝገብ የለም። ድምሩ ወደ ዞን ሲላክ የአንዱ ቁጥር ከሌላው አይገጥምም፤ ላኪው «አጋነነ» ይባላል፤ ዕርዳታው ይዘገያል።

ጉድለቱ የባለሙያዎቹ ስንፍና አይደለም። ሁሉም የራሱን የበላይ ትእዛዝ ፈጽሟል። በግቢው ውስጥ አንድ መዝገብ ይከፈት ብሎ የወሰነ አልነበረም።

የተሻለ የተሠራበት መስክ

ጤናው በዚህ ረገድ ቀድሟል፤ ያስቀደመውም በመከራ የተገኘ ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150 ሺህ የሚሆን ሕዝብ እንደገደለ ይገመታል። ከዚያ በኋላ የተቋቋመው የወባ ማጥፊያ ድርጅት ከአዲስ አበባ እስከ ረጪው ሠራተኛ አንድ የትእዛዝ መስመር ነበረው።

ዛሬ ጤና ኬላ በየሳምንቱ የታመመውን ቆጥሮ ለጤና ጣቢያ ይልካል፤ ቁጥሩ በወረዳና በዞን አልፎ ባሕር ዳር ካለው የአማራ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይደርሳል። የተለመደው መጠን ሲታለፍ ማን እንደሚነቃ፣ ማን መድኃኒት እንደሚያወጣ አስቀድሞ ተወስኗል። የአስቸኳይ ጊዜ ማስተባበሪያ ማዕከላትም በኮቪድ ጊዜ የሠሩት በዚህ መስመር ላይ ቆመው ነው። ቅጹ አንድ፣ ቃሉ አንድ፣ ተጠያቂው የታወቀ ነው። የጎርፍ፣ የእሳትና የመፈናቀል ሥራ እስካሁን ይህን አላገኘም።

ጠመንጃ ሲገባበት

የቅንጅት ከባዱ ፈተና ግጭት ነው። በአማራ ክልል ጦርነት ተቀስቅሶ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ኢንተርኔት ተዘጋ፤ መንገዱ በየኬላው ተቆረጠ። ነሐሴ 7 ቀን በፍኖተ ሰላም ከተማ በደረሰ የአየር ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸው የተዘገበ ሲሆን ቁስለኞች በከተማዋ ሆስፒታል ላይ በአንድ ጊዜ ወርደዋል። ደም፣ ኦክስጅንና መድኃኒት ከባሕር ዳር የሚመጣበት መንገድ ካልተከፈተ የሐኪሙ ትጋት ብቻውን የትም አያደርስም።

እንዲህ ባለ ጊዜ የወረዳ አስተዳዳሪ የሚመራው የዕርዳታ ኮሚቴ ከአንዱ ተፋላሚ ጎን ይቆጠራል፤ ቀበሌው ከቁጥጥሩ ከወጣም የሚያዘው ነገር አይኖርም። ድርጅቶች የሚያልፉት ከሁለቱም ወገን ዋስትና ሲያገኙ ነው፤ ያንን ለመደራደር ገለልተኛ ሰው ያስፈልጋል። ቀይ መስቀል፣ የሃይማኖት አባቶችና የአገር ሽማግሌዎች ብዙ ጊዜ ቦታውን ይሸፍናሉ፤ አባቶቹና ሽማግሌዎቹ ግን ይህን የሚያደርጉት በልምድ ነው።

የእምነት ማጣትም ዋጋ ያስከፍላል። እህል ከተረጂው እጅ ወጥቶ ለሌላ ዓላማ ውሏል በሚል በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የአሜሪካው ዩኤስኤአይዲና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በመላ አገሪቱ የምግብ ዕርዳታ ለወራት አቁመው ነበር። ከክርክሩ መሀል ያለው ተረጂውን ማን ይምረጥ፣ መዝገቡንስ ማን ይያዝ የሚለው ነበር፤ ያቺ እናት ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ የገጠማት ጥያቄ ነው።

ከክረምት በፊት

ለምዕራብ ጎጃም ወረዳዎች የሚበጀው ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። አንድ ወረቀት ላይ አራት ነገር ይጻፍ። ለእሳት፣ ለጎርፍ፣ ለወረርሽኝና ለመፈናቀል በየተራው ቀዳሚ አዛዡ ማን ነው? እሱ ከሌለ ማን ይተካዋል? ተፈናቃይ የሚመዘገብበት አንዱ መዝገብ የማን ነው? ስልክ ሲቋረጥ መልእክቱ በማን እግር ይሄዳል? የእድሮች ድንኳንና ድስት፣ የገበሬ ኅብረት ሥራ ዩኒየኖች መጋዘንና መኪና፣ የትምህርት ቤቶች ክፍል ተቆጥሮ ከወረቀቱ ጋር ይያያዝ። በዓመት አንድ ቀንም ልምምድ ይደረግ፤ ስሕተት ሲወጣ ሰው የማይሞትበት ብቸኛው ጊዜ ልምምድ ነውና።

አበው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላሉ። አደጋ ከደረሰ በኋላ የሚሰበሰብ ግብረ ኃይል ከዚህ ብዙም አይርቅም። የወረዳ ምክር ቤቶች ከሚቀጥለው ክረምት በፊት ቢያንስ የመጀመሪያውን ጥያቄ ይመልሱ፤ አዛዡን ይሰይሙ፤ ስሙንም ሕዝቡ እንዲያውቀው በየቀበሌው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ይለጥፉ።