ብልቃጧ ላይ ያለችው ክብ

የፖሊዮ ጠብታ የያዘችን ብልቃጥ ልብ ብሎ ላያት፣ አንዲት ሐምራዊ ክብ፣ በክቧም መሐል ነጣ ያለች አራት ማዕዘን አለች። የጤና ባለሙያዎች ቪቪኤም ይሏታል። ከጣት ጥፍር ታንሳለች፤ ሥራዋ ብልቃጧ ከፋብሪካ ከወጣች ጀምሮ ያገኛትን ሙቀት መዝግቦ መያዝ ነው።

አብዛኛው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት አለበት። መንገድ ላይ ቢሞቅ ግን ዓይን አይቶ አይለየውም። ስለዚህ ማቀዝቀዣ በተበላሸ ቁጥር ደህናውም ከተጠረጠረው ጋር ይጣል ነበር። የከፋው ደግሞ ኃይሉን ያጣ ጠብታ ለሕፃን መስጠቱ ነው፤ እናቲቱ ልጄ ተከተበልኝ ብላ ትሄዳለች፣ ልጁ ግን መከላከያ አላገኘም። ምልክቷ እ.ኤ.አ. በ1996 በፖሊዮ ጠብታ ላይ መለጠፍ የጀመረችው ይህን ለማስቀረት ነው።

አራት ማዕዘኗ የተቀባችበት ኬሚካል ሙቀት ሲነካው ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ እየተያያዙ ይጠቁራል። ሙቀቱ በበረታ መጠን መጥቆሩ ይፈጥናል፤ አንዴ ከጠቆረ ደግሞ አይመለስም። ቀን ፀሐይ ላይ የተረሳች ብልቃጥ ማታ ማቀዝቀዣ ብትገባ እንኳ የቀኑ ጉዳት ተመዝግቦ ይቀራል። አራት ማዕዘኗ ከክቧ ከነጣችና የማብቂያ ቀኑ ካላለፈ ክትባቱ ይሰጣል፤ ቀለማቸው ከተመሳሰለ ወይም አራት ማዕዘኗ ከክቧ ይበልጥ ከጠቆረች ይጣላል። ፍጥነቷም እንደ ክትባቱ ነው፦ ሙቀት የማይችለው የፖሊዮ ጠብታ ላይ ያለችው በ37 ዲግሪ በ2 ቀን፣ ጠንካራው የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ላይ ያለችው በ30 ቀን ለመጣል ትደርሳለች።

እኔን የምትማርከኝ ፍርዱን ለማን እንደሰጠች ሳስብ ነው። መብራት በሌለበት ጤና ኬላ የምትሠራ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ላቦራቶሪ ሳትጠይቅ፣ አለቃ ሳትጠብቅ፣ ይህን ስጪ ያንን ጣይ የሚላትን እዚያው እጇ ላይ ታነባለች። በምዕራብ አፍሪካዊቷ ቤኒን እ.ኤ.አ. በ2012 ሜንአፍሪቫክ የተባለው የማጅራት ገትር ክትባት እስከ 40 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት፣ ያለ በረዶ እስከ 4 ቀን ተይዞ ገጠር ለገጠር ሲሰጥ፣ ከመከተቡ በፊት ከሚታዩት አንዱ ይኸው ምልክት ነበር።

የማትናገረው ነገርም አለ፤ ብርድን አትመዘግብም። እንደ ፔንታቫለንትና ቴታነስ ያሉ አሉሚኒየም ያለባቸው ክትባቶች በረዶ ከሆኑ ይበላሻሉ፤ አራት ማዕዘኗ ግን ነጭ እንደሆነች ትቆያለች። ለዚህ ባለሙያዎቹ ሌላ ዘዴ አላቸው። ከዚያው ምርት አንዷን ብልቃጥ ሆን ብለው በረዶ ያደርጉና ያቀልጧታል፤ ከዚያ ከተጠረጠረችው ጋር አብረው ነቅንቀው ያስቀምጧቸዋል። የተጠረጠረችውም እንደዚያችው ፈጥና ካዘቀጠች፣ በረዶ ሆና ነበርና ትጣላለች።