ማርሹ ሲላላ
(በሬዲዮ ከቀረበ የመሠረተ ትምህርት ንግግር የተጻፈ)

በንባብ ጣቢያ ተሰብስባችሁ ይህን ትምህርት የምትከታተሉ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ፊደል ቆጥራችሁ ጨርሳችኋል። አሁን በራሳችሁ ማንበብ ጀምራችኋል። ዛሬ የምናነበው ስለ መኪና ማርሽ ነው።

«እኛ ገበሬዎች ነን፤ መኪና የለንም። ስለ ማርሽ ማወቅ ምን ያደርግልናል?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ከፃግብጂ ወደ ሰቆጣ፣ ከሰቆጣም ወደ ኮረም የምንሄደው በሰው መኪና ተሳፍረን ነው። ልጆቻችንም ረዳትና ሾፌር እየሆኑ ነው። የመኪናው ጤና የእኛም ጤና ነው።

እኔ አስተማሪ ነኝ እንጂ መካኒክ አይደለሁም። ይህን ትምህርት የተማርኩት በመንገድ ላይ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ አሮጌ ኮምቢ ከሰቆጣ ወጥተን ወደ ቆላው እንወርድ ነበር። ቁልቁለቱ ሊጀምር ሲል ሾፌሩ ሁለተኛ ማርሽ ሊያስገባ እጁን ሰደደ። ምን ሆነ መሰላችሁ? ማርሹ እንደ ሸምበቆ ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘ። ሁለተኛም አልገባ፣ ሦስተኛም አልገባ። መኪናው በዜሮ ማርሽ ቁልቁል ፈጠነ። ሾፌሩ ፍሬን ያዘ፤ ደግሞ ያዘ። የተቃጠለ ሸራ ሽታ አፈነን። በመጨረሻ ሾፌሩ ገደሉን ሸሽቶ መኪናውን ከዳገቱ ጋር አጋጨው። ቆምን። የአንዲት እናት ክንድ ተሰበረ። ሌሎቻችን በድንጋጤ ብቻ ተረፍን።

በኋላ መካኒክ መጥቶ ከመኪናው ሥር ገባ። ሲወጣ በመዳፉ ላይ የተፈረፈረች የፕላስቲክ ቀለበት ይዞ ነበር። «ይህቺ ናት» አለን። የአንዲት ዶሮ ዋጋ የማታወጣ ዕቃ አሥር ሰው ገደል ልትከት ነበር!

እንግዲህ ይህች ዕቃ ምንድን ናት? ስሟ ቡሽንግ ነው። በሉ አብረን እናንብብ፦ ቡ - ሽ - ን - ግ። ቡሽንግ። በጋራዥ «ቡሽ» ብቻ የሚሏትም አሉ። የጠርሙስ መክደኛው ቡሽ ግን አይደለችም።

ሥራዋን ለማወቅ መጀመሪያ ማርሹን እንወቅ። ሾፌሩ የሚነካው የማርሽ እጀታ እፊቱ ነው። ጥርሶቹ ያሉበት ሣጥን ደግሞ ራቅ ብሎ ነው። ሣጥኑ ካምቢዮ ይባላል። እጀታውንና ካምቢዮውን የሚያገናኛቸው የብረት ዘንግ ነው። ዘንጉ በሚያልፍበትና በሚጋጠምበት ቦታ ብረት ከብረት እንዳይፋጭ፣ እንዳይላላም፣ መካከል ላይ ቡሽንግ ይገባል። ቡሽንግ ከፕላስቲክ፣ ከጎማ ወይም ከነሐስ ይሠራል።

ገበሬ ይህን ከማንም ይበልጥ ያውቃል። ወገሉ ሲላላ ምን ይሆናል? እርፉን ትጫናላችሁ፤ ማረሻው ግን ይወዛወዛል እንጂ የፈለጋችሁትን ትልም አይይዝም። በሬዎቹ ደህና ናቸው፤ ሞፈሩም ደህና ነው። የተበላሸው መጋጠሚያው ነው። ጎበዝ ገበሬ በሬውን አይገርፍም። ቆም ብሎ ውሻል ይመታበታል። የመኪና ማርሽም እንዲሁ ነው።

አሁን ስለ ኮምቢ ትንሽ እናንብብ። ቮልስዋገን ኮምቢ በጀርመን አገር መሠራት የጀመረው በ1942 ዓ.ም. ነው። በብራዚል አገር እስከ 2006 ዓ.ም. ድረስ ይሠራ ነበር። የኮምቢ ሞተር ያለው ከኋላ ነው። ሾፌሩ የሚቀመጠው ከፊት ነው። ስለዚህ የማርሹ ዘንግ ከመኪናው ሆድ ሥር ከፊት እስከ ኋላ ይሄዳል። ዘንጉ ረጅም በመሆኑ ከፊት በኩል ትንሽ ሲላላ ከኋላ በኩል ብዙ ይስታል። በመሪው ጎን ማርሽ ያላቸው አሮጌ ሚኒባሶችም በየዘንጉ ጫፍ እንዲህ ያሉ ቡሽንጎች አሏቸው።

ቡሽንግ በአንድ ቀን አያልቅም። ቀድሞ ምልክት ይሰጣል። ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው።

ማርሹ ገብቶም እጀታው ከልክ በላይ ይወዛወዛል። ሾፌሩ ማርሹን እንደ ጠፋ መርፌ ይፈልገዋል። የኋላ ማርሽ አልገባም ማለት ይጀምራል። ሁለተኛ አስገባሁ ሲል አራተኛ ይገባበታል። የገባው ማርሽም አንዳንድ ጊዜ በራሱ ይወጣል።

ታዲያ ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «ካምቢዮው ሞቷል» ይላል። ካምቢዮ ማስፈታት ብዙ ገንዘብ ያስወጣል። ከዚያ በፊት ግን ቀላል ምርመራ አለ። ሁለት ሰው ይበቃዋል።

መኪናው በሜዳ ላይ ይቁም። ሞተሩ ይጥፋ። የእጅ ፍሬን ይያዝ። ጎማዎቹ ከፊትም ከኋላም ታኮ ይደረግባቸው። አንዱ ሰው ማርሹን ቀስ አድርጎ ያንቀሳቅስ። ሌላው ዘንጉን ይመልከት። እጀታው ሲንቀሳቀስ ዘንጉ ካልተንቀሳቀሰ መጋጠሚያው ላልቷል፤ ቡሽንጉ አልቋል ማለት ነው። ዘንጉ በደንብ እየተንቀሳቀሰ ማርሹ ካልገባ ግን ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ማርሹ በቀላሉ እየገባ፣ ሞተሩ ሲነሣ ግን እየጮኸ እምቢ ካለ ፍሪሲዮኑ ይታይ።

እሺ፣ ቡሽንጉ ማለቁ ታወቀ እንበል። አቀያየሩ እንዲህ ነው።

1. መኪናውን በሜዳ ላይ አቁሙ። ሞተሩን አጥፉና ቁልፉን ንቀሉ። ታኮ አድርጉ። መኪናው መነሣት ካለበት ከክሪኩ ሌላ ጠንካራ መደገፊያ ይግባበት። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር ማንም አይግባ! ክሪክ ሊንሸራተት ይችላል።

2. መጋጠሚያውን ከጭቃና ከአሮጌ ግራሶ አጽዱ። ዘንጉ የቆመበትን ቦታ በቀለም ምልክት አድርጉ። ምልክት ያላደረገ ሰው መልሶ ሲገጥም ማርሾቹ ይዛቡበታል።

3. የመፍቻውን ቁጥር አንብቡ። በመፍቻ ላይ 10፣ 13፣ 17 ተብሎ ተጽፏል። ቁጥሩ የብሎኑን ራስ ስፋት በሚሊ ሜትር ይነግራል። በማይገጥም መፍቻ የሚታገል ሰው የብሎኑን ራስ ያሟልጠዋል። ኮፒሊያ ካለ በፒንሳ አቅኑና አውጡ። ኮፒሊያ ማለት በቀዳዳ ገብታ የምትታጠፍ ሽቦ ናት።

4. አሮጌውን ቡሽንግ አውጡ። አትጣሉት፤ አዲሱን ለመግዛት መለኪያ ይሆናል። ቀዳዳውንና ዘንጉን በጣታችሁ ዳስሱ። ቀዳዳው እንደ እንቁላል ሞላላ ከሆነ፣ ወይም ዘንጉ ራሱ ከተበላ፣ አዲስ ቡሽንግ ብቻውን አያድንም። ብረቱም ይጠገን።

5. አዲሱን አስገቡ። ፕላስቲክ ከሆነና አልገባ ካለ ጥቂት ደቂቃ በሙቅ ውሃ ውስጥ አቆዩት፤ ይለሰልሳል። በመዶሻ አትቀጥቅጡት፤ ይሰነጠቃል። ፕላስቲክና ነሐስ ግራሶ ይቀቡ። የጎማ ቡሽንግ ግን ግራሶ አይወድም፤ ጎማ በግራሶ ያብጣል፤ ቶሎም ይበላሻል።

6. ዘንጉን በምልክቱ ላይ መልሱ። ብሎኑን አጥብቁ። አዲስ ኮፒሊያ አስገቡ፤ አሮጌው ታጥፎ ስለ ተቃና ይሰበራል።

7. ፈትኑ። መጀመሪያ ሞተሩ ጠፍቶ ሁሉንም ማርሽ በየተራ አስገቡ። ቀጥሎ ሞተሩን አስነሥታችሁ ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ሞክሩ። ከዚያ ያለ ተሳፋሪ በሜዳ ላይ ንዱ። ቁልቁለት የመጨረሻው ነው።

አዲስ ቡሽንግ በገበያ ካልተገኘስ? ቶርኖ ቤት ያለበት ከተማ ሄዶ አሮጌውን አሳይቶ ማሠራት ይቻላል። አንዳንድ ሾፌር ግን የጎማ ቁራጭ ይጠቀልልበታል፤ በሽቦም ያስረዋል። ይህ በሜዳ መንገድ እስከ ጋራዥ ቢያደርስ ነው። ሰው ጭኖ ቁልቁለት ሊወረድበት አይገባም።

ቁልቁለት ቁልቁለት የምለው ለምንድን ነው? ከኮረም ወደ አላማጣ የሚወርደውን የግራካሱን መንገድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ኮረም ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። አላማጣ 1,500 ሜትር ያህል ናት። በሉ ቀንሱ፦ ልዩነቱ 1,000 ሜትር ነው። መኪናው ያን ሁሉ የሚወርደው እየተጠማዘዘ ነው። በከባድ ማርሽ ሲወርድ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዘዋል። ማርሽ ከሌለ ሸክሙ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ብዙ ጊዜ የተያዘ ፍሬን ይግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ መያዙን ይተዋል። ስለዚህ ከባዱ ማርሽ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት መግባት አለበት። ያልቃል አያልቅም በሚባል ቡሽንግ ይህ አስተማማኝ አይደለም።

ውድ አድማጮች፣ ያ ሾፌር በኋላ የነገረኝን ልንገራችሁ። «ማርሹ ከላላ ሦስት ወር ሆኖታል፤ ዛሬ ነገ እያልኩ ነው» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። ለባለ መኪናው በቃል ነግሮት ነበር። በቃል የተነገረ ግን ይረሳል። የተጻፈ አይረሳም። ስለዚህ ሾፌር የሆናችሁ፣ ረዳት የሆናችሁ፣ አንድ ደብተር በመኪናው ውስጥ አኑሩ። እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦

ጥር 12 ቀን፦ ሁለተኛ ማርሽ ላላ።
ጥር 13 ቀን፦ ለባለ መኪናው ተነገረ።
ጥር 14 ቀን፦ ቡሽንግ ተቀየረ።

ሦስት መስመር ብቻ ነው። እናንተ ዛሬ ይህን መጻፍ ትችላላችሁ። ባለ መኪናውም ሲያነብ «አልሰማሁም» ማለት አይችልም።

ተሳፋሪዎችስ? እኛም ዝም ማለት የለብንም። ያን ቀን ማርሹ ሲወዛወዝ ሜዳው ላይ እያለን አይቼ ነበር። «ሾፌሩ ያውቃል» ብዬ ዝም አልኩ። የዚያች እናት ክንድ ሲሰበር ዝምታዬ ቆጨኝ። ሾፌሩ ማርሽ ሲጠፋበት ካያችሁ፣ በትሕትና «ወንድሜ፣ ከቁልቁለቱ በፊት ቆም ብለን እንየው» በሉት። ይህ ነውር አይደለም። አንድ ሰዓት መዘግየት ከሕይወት አይበልጥም።

አሁን የንባብ ጓደኞቻችሁን ጠይቁ።
ቡሽንግ የሚገባው የት ነው?
በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር ለምን አይገባም?
ከባድ ማርሽ መግባት ያለበት መቼ ነው?

መልሱን በደብተራችሁ ጻፉት። እነዚህንም ቃላት አምስት አምስት ጊዜ ጻፉ፦ ማርሽ፣ ዘንግ፣ ታኮ፣ ቡሽንግ።